ለሊስትሮ ገጸ ባሕርይ የግል ትምህርት ቤት ልጅ? ስለ ልጆች ካስቲንግ እንነጋገር

ከካሜራ_ጀርባ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። ረዳት ዳይሬክተር ነኝ፤ ማስታወቂያም እሠራለሁ፣ ተከታታይ ድራማም። የልጆች ካስቲንግ (ለገጸ ባሕርዩ የሚሆን ልጅ መምረጥ) ማንም የማይፈልገው ሥራ ስለሆነ ሁሌ እኔ ትከሻ ላይ ነው የሚወድቀው። ሰሞኑን የገጠመኝን ላውጋችሁ።

ገጸ ባሕርዩ የ10 ዓመት ሊስትሮ ነው። ከጎጃም መጥቶ አጎቱ ጋ የተጠጋ፣ ምላሱ የማያርፍ ልጅ። ማስታወቂያውን እንደ ወትሮው ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው፦ የፊትና የሙሉ ቁመት ፎቶ፣ አጭር ቪዲዮ፣ የወላጅ ስልክ። ኦዲሽኑ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦሌ፣ አራተኛ ፎቅ። ስደርስ ከሕንፃው ፊት መኪና ማቆሚያ ጠፍቷል። ከመጡት ልጆች አብዛኞቹ የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው።

አንዱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ገባ። እጁን ዘርግቶ ዳይሬክተሩን ሰላም አለው፣ ስሙን ነገረው፣ ስለሚወደው ካርቱን ሲጠየቅ ዘና ብሎ አወራ። ስክሪፕቱን ስሰጠው ግን ዝም። እናቱ ጠጋ ብለው «በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍለት ጥሩ ነው፤ የአማርኛ ንባብ ትንሽ ይከብደዋል» አሉኝ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ በላቲን ፊደል ገልብጬ ጻፍኩለት። «ጋሼ፣ ጫማዎ አቧራ ጠጥቷል፤ ይጠረግ?» የምትለዋ መሥመር ላይ ሲደርስ ጫማው «ቻማ»፣ መጠረጉም «ይተረግ» ሆነ። ብናስደግመው ብናስደግመው ያው ነው።

የተመረጠው እሱ ነው። የዳይሬክተሩ ምክንያት «ኮንፊደንስ አለው፤ አነጋገሩን እናስተካክልለታለን» የሚል ነበር። ከኮልፌ ከታላቅ እህቱ ጋር በታክሲ የመጣ ሌላ ልጅ መሥመሩን አንዴ አንብቦ በቃሉ ወጣው። ግን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው። ቅጹ ላይ «ዓይናፋር» ተብሎ ተጻፈበትና ተሸኘ።

ልጁን የምወቅስ እንዳይመስላችሁ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። የከነከነኝ ሌላ ነው። «ተሰጥኦ» ብለን ቅጹ ላይ የምንሞላው ነገር ግማሹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይመስለኛል። ምን ትላላችሁ?

የፒያሳው

ከሕንፃው በር ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ አልነበረም? እሱን ይዛችሁት አትወጡም? ሊፍት አላችሁ እኮ።

የሁለት_ልጆች_እናት

እኔ ከእነዚያ መኪና ካቆሙት እናቶች አንዷ ነኝ፤ ስለዚህ የኔንም ወገን ስሙ። ትልቋ ልጄ ማስታወቂያ ትሠራለች። ሰው «ሀብታም ስለሆኑ ነው» ይላል። ሀብታም አይደለንም፤ ባሌ ደመወዝተኛ ነው፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ በየተርሙ የምንከፍለው እየተንጠራራን ነው። ያለኝ ነገር ጊዜ ነው። የራሴ ትንሽ ሱቅ ስላለኝ ዘግቼ መውጣት እችላለሁ።

ቀረጻ «ጠዋት 1 ሰዓት ተገኙ» ይባላል። 1 ሰዓት ላይ ከጥበቃው በስተቀር ማንም የለም። መብራት ሲተከል፣ የብስኩቱ ማሸጊያ ሲጸዳ፣ ማስታወቂያውን ያዘዘው ደንበኛ ከቢሮ እስኪመጣ ሲጠበቅ 6 ሰዓት ይሆናል። ልጅቷ እየራባት፣ ሜካፗ እየተበላሸ። ከዚያ «ነገም ትመጣላችሁ» ይላሉ። ይኼን ተቀጥራ የምትሠራ እናት ትችለዋለች? እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናትስ? አንድ ቀን ካልጋገረች ደንበኛዋ ሌላ ጋ ይሄዳል። ካስቲንግ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እኮ ስለ ልጄ አይደለም፤ «ወላጅ ሙሉ ቀን መገኘት ይችላል ወይ?» ነው። እናንተ ልጅ መረጥን ትላላችሁ፣ የምትመርጡት ወላጅ ነው።

ሌላም አለ። ለብስኩትና ለወተት «ቀላ ያለች፣ ጸጉሯ ለስለስ ያለ» ይሉናል በግልጽ። ትንሿ ልጄ ጠይም ናት፤ ከእህቷ የበለጠ ተዋናይ ናት፤ እስካሁን የተጠራችው የተቸገረ ቤተሰብ ለሚታይበት ማስታወቂያ ነው። አንድ እናት ከአንድ አባት የወለደቻቸው ልጆች ናቸው እኮ!

ከካሜራ_ጀርባ

@የሁለት_ልጆች_እናት እህቴ፣ ስለ ጠይሟ ያልሽው እውነት ነው፤ ደንበኛው በኢሜይል ጽፎ ይልከዋል፣ ያለ ምንም ኀፍረት። የወላጁን ጉዳይ ግን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ቅጻችን ላይ አዎ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ከልጁ ዕድሜ ቀጥሎ።

መምህር_ዘኮልፌ

አንገቱን ስለ ደፋው ልጅ ልናገር፤ የኔ ተማሪ ባይሆንም እንደ እሱ ያሉትን በየቀኑ ስለማያቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበቡም ተጠሪ ነኝ።

የኛ ልጆች ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በማይክ ግጥም ያነባሉ፣ ዜና ያነባሉ፣ በበዓል ሰሞን ጭውውት ይሠራሉ። ሺህ ተማሪ ፊት ማለት ነው፤ በዚያ ላይ በሚጮህ ማይክ። ፍርሃት የሚባል ነገር የለባቸውም። ያው ልጅ ግን እኔ የመምህራን ክፍል ስጠራው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚያናግረኝ። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን እያፈጠጡ ማውራት ድፍረት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነዋ። በግል ትምህርት ቤት «ሚስ፣ አይ ዶንት አግሪ» ማለት ያስመሰግናል፤ የኛ ልጅ ሰፈር እንዲህ ብትል አባትህ ጋ ትከሰሳለህ። እናንተ ያንን ጨዋነት «ዓይናፋር» ብላችሁ ሞላችሁት።

አንድ ጊዜ አንድ ፊልም ሠሪ ድርጅት ወደኛ መጥቶ ነበር። ፊት ለፊት ካሜራ ደቅነው፣ መብራት አብርተው፣ አራት ትልልቅ ሰዎች በወንበር ተደርድረው «በል ሣቅ፣ አሁን አልቅስ» አሏቸው። ልጆቹ ደነዘዙ። ለምኜ ካሜራውን ግቢው ውስጥ ወደ ዛፍ ሥር አወጣንና ቡድን ከፍዬ ጭውውት አሠራኋቸው፤ ሰዎቹ ከጎን ሆነው ቀረጹ። አንዷን እዚያው መረጧት። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ቀረጻው የአጋማሽ ፈተና ሳምንት ላይ ዋለ። ለትምህርት ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ የለም፣ አጠገቧ የሚያስጠና ሰው የለም፤ ሂሳብና እንግሊዝኛ አመለጣት። በድጋሚ እንድትፈተን ርዕሰ መምህሩን የለመንኩት እኔ ነኝ። የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ብትሆን ኖሮ እናቷ ከሳምንት በፊት በዋትስአፕ ጨርሳው ነበር፤ አስጠኚም ቤት ድረስ ይመጣላታል። ፊልሙ ወጣ፣ ልጅቷ አማረችበት፣ ከዚያ በኋላ ማንም ደውሎላት አያውቅም።

የፒያሳው

መምህር፣ እኔ እስከማውቀው ፊልሞቻችን ድሃ ልጅ ሲያሳዩ ፊቱን በከሰል ነካ ነካ አድርገው ሸሚዙን ይቀዱለታል፤ ጥርሱ ግን እንደ ጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ያበራል።

ፕሮዳክሽን_ነኝ

ማንም ስለማይለው እኔ ልበለው። ፊልም በገንዘብ ነው የሚሠራው። የካሜራ ኪራይ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ፣ ለባለሙያ አበል፤ ቀኑ ባከነ ማለት ያ ሁሉ ፈሰሰ ማለት ነው። ልጅ ደግሞ በየትኛውም አገር የቀረጻን ቀን የሚያባክን ነገር ነው። ስለዚህ ፕሮዲውሰር የሚፈልገው የተዘጋጀ ልጅ ነው፤ የመጣ፣ የተረዳ፣ የጨረሰ። ያንን ልጅ ማን እንዳዘጋጀው፣ ክፍያ ይሁን ጸሎት፣ የኔ ጉዳይ አይደለም። መምህር የነገሩን የዛፍ ሥር ጨዋታ ደስ ይላል፤ ግማሽ ቀን ወሰደ ግን።

መምህር_ዘኮልፌ

ግማሽ ቀን ወሰደ፤ አልዋሽም። «ቻማ» የሚለውን ልጅ «ጫማ» ለማስባል ስንት ቀን እንደሚወስድ ደግሞ ከካሜራ_ጀርባ ይንገረን።

ከካሜራ_ጀርባ

ቋንቋ አሠልጣኝ ቀጥረናል። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ሰሜን_ለንደን

ከዚህ ማዶ ልጨምር። እዚህ ልጅ ለቀረጻ ከትምህርት ቤት ከቀረ የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መሠረቱ የ1963ቱ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የሕፃናትና ወጣቶች ሕግ ነው፣ ዝርዝሩ በእንግሊዝ በ2014 ታድሷል። ምክር ቤቶቹ ከርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። 9 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ በቀን ከ5 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከ5 እስከ 8 ዓመት ያለው ደግሞ ከ3 ሰዓት በላይ። የትምህርት ቀን ከሆነ በቀን 3 ሰዓት ትምህርት እዚያው ይሰጠዋል። ወላጅ መምጣት ካልቻለ ፈቃድ ያለው ጠባቂ አብሮት ይውላል፤ አንድ ጠባቂ ቢበዛ 12 ልጅ ነው መያዝ የሚችለው። የሁለት_ልጆች_እናት ላነሳችው መልስ ይኼ ይመስለኛል። የምትጋግር እናት ሥራዋን ሳትዘጋ ልጇ መሥራት ይችላል።

ይኼ ሁሉ ኖሮም መደቡ አልጠፋም፤ እንዳትሸወዱ። ሳተን ትረስት የተባለው ድርጅት በ2016 ባወጣው ጥናት ኦስካር ካሸነፉ እንግሊዛውያን ተዋንያን 67 በመቶዎቹ የግል ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ከጠቅላላው ተማሪ የግል ትምህርት ቤት የሚገባው 7 በመቶ ገደማ ነው። እነዚያ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ቴአትር ቤት አላቸው፤ ከነመብራቱ፣ ከነአሠልጣኙ።

ግን አንድ የምወደው ነገር አለ። ኢዝሊንግተን ውስጥ፣ የኛ ሰዎች የሚበዙበት ሰፈር፣ አና ሼር የምትባል መምህርት በ1968 በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ከክፍል በኋላ የድራማ ክበብ ጀመረች። ክፍያው ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚቀመስ ነበር። መደነስና መዝፈን አታስተምርም፤ ያለ ስክሪፕት በራሳቸው አነጋገር፣ በሰፈራቸው ቋንቋ እንዲጫወቱ ነበር የምታደርገው። ካስቲንግ የሚሠሩ ሰዎች ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ፤ እዚያ ያለው ልጅ የሰፈር ልጅ ለመምሰል አነጋገሩን መቀየር አያስፈልገውማ። በ2021 ኦስካር የወሰደው ዳንኤል ካሉያ፣ እናቱ ኡጋንዳዊት፣ ካምደን የመንግሥት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ከዚያ ነው የወጣው። ሕጉ ያላደረገውን አንዲት መምህርት ናት ያደረገችው። የመምህር ዘኮልፌ ሚኒ ሚዲያ ያው ነገር ነው፤ የጎደለው የሚመጣ ሰው ነው።

ቤሩት_ነበርኩ

የፒያሳው «ከበር ላይ ያለውን ልጅ ይዛችሁት ውጡ» ሲል ብዙዎቻችሁ የሳቃችሁ ይመስለኛል። የተሞከረ ነገር ነው፤ ውጤቱን ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት።

ናዲን ላባኪ የሠራችው «ቅፍርናሆም» የሚለው የሊባኖስ ፊልም በፈረንጆቹ 2018 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። ዋናው ልጅ ዘይን ከሶርያ ደርዓ ተሰድዶ የመጣ ነው። ካስቲንግ የምትሠራዋ ሴት ቤሩት መንገድ ላይ ሲጫወት ነው ያገኘችው፤ ትምህርት ቤት አይሄድም፣ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ስክሪፕት አስጠንተው አላሠሩትም። ሁኔታውን ይነግሩትና በራሱ አፍ ይናገራል። ለዚህ ነው ቀረጻው 6 ወር የፈጀው፣ ከ500 ሰዓት በላይ የተቀረጸው። @ፕሮዳክሽን_ነኝ ይኼ መንገድ ሲመረጥ ጊዜው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ርካሽ አይደለም።

ፊልሙ ውስጥ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ራሔል፣ በሐሰተኛው ወረቀቷ «ትዕግሥት»። የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራው በእውነተኛ ሕይወቷም ወረቀት አልነበራትም፤ ስትታሰር የሚያሳየው ትዕይንት ከተቀረጸ በኋላ በእውነት ታሰረች። ዳይሬክተሯ ዋስ ሆና ነው ያስወጣቻት። እኔ ያንን ፊልም ቤሩት ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር በስልክ ነው ያየነው፤ በአማርኛ ስትናገር ሁላችንም ቀና አልን።

ዘይንስ? እሱና ቤተሰቡ በ2018 በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በኩል ወደ ኖርዌይ ሄዱ፤ ትምህርት ቤት ገባ። ጥሩ ሆነለት። ይኼ ግን በፊልሙ ሠሪዎች ጥረትና በፊልሙ ዝና የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ዝና የማያገኝ ፊልም ላይ ከመንገድ የተነሣው ልጅ ወደዚያው መንገድ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ሊስትሮውን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት፣ በሚቀጥለው ሰኞ ልጁ የት ይውላል የሚለውን ጨርሱ። ካልሆነ «ቻማ» ይሻላል፤ ቢያንስ እሱ ትምህርት ቤት ይመለሳል።

የፒያሳው

ተቀጣሁ። ግን ማሳቁ ቀርቶ እውነቴን ነበር።

ሕግ_አዋቂ

ስለ አገራችን ሕግ ማንም ሳያነሣ ይኼ ክር ባያልፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ በቀድሞው አዋጅ 14 ነበር። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ነው፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓት የለም፣ በሳምንት ዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል አይሠራም። አሁን የእሑድ ቀረጻችሁንና የሌሊት ትዕይንታችሁን አስቡት።

ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 በአንቀጽ 8 ለኪነ ጥበብ ዝግጅት በተናጠል ፈቃድ እየተሰጠ፣ ሰዓቱና ሁኔታው በፈቃዱ ላይ እየተወሰነ ልጆች እንዲሳተፉ በር ይከፍታል። በተግባር የማየው ግን ሌላ ነው። ወላጅ አንድ ገጽ «ፈቅጃለሁ» ላይ ይፈርማል፤ ክፍያው «ማበረታቻ» ይባላል፤ ስለ ሰዓቱም ስለ ትምህርቱም አንድ ቃል የለበትም። የተማረ ወላጅ አንብቦ ይደራደራል፤ ሌላው ያምንና ይፈርማል። መደብ እዚያች ወረቀት ላይም አለ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ጃኪ ኩገን የሚባል የአሜሪካ ሕፃን ተዋናይ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ሚሊዮኖች አግኝቶ፣ አድጎ ሲጠይቅ እናቱና የእንጀራ አባቱ ጨርሰውት አገኘው፤ በ1938 ከሰሳቸው። ካሊፎርኒያ በዓመቱ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች። ዛሬ የልጁ ገቢ 15 በመቶ በስሙ ተዘግቶ እንዲቀመጥ ግዴታ ነው። እኛ ጋ ውሉ ላይ አንድ መሥመር ብትጨምሩ የሚከለክላችሁ የለም፤ በልጁ ስም የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ ይግባ ማለት ይቻላል።

የሁለት_ልጆች_እናት

@ሕግ_አዋቂ እኔ ተምሬያለሁ የምለውም ሴትዮ ያንን ወረቀት አንብቤ ፈርሜ አላውቅም። ልጅቷ ሜካፕ ላይ ሆና ነው የሚያቀርቡልሽ።

አዛውንት_ከጉለሌ

ልጆቼ፣ እኔ በአባባ ተስፋዬ ዘመን ልጅ ነበርኩ። ከ40 ዓመት በላይ «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲል አዳመጥነው፤ ነፍሱን ይማር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ ነበር፤ በመስኮት ነው ያየነው። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ እዚሁ አዲስ አበባ መቶ የጎዳና ልጆች ይዞ ትልቅ ዳንስ አሳየ፤ ከእነሱ ውስጥ ተመርጠው ለዓመታት የሠለጠኑት አዱኛ የዳንስ ቡድንን መሠረቱ። እዚያ ልጆቹ ለአንድ ቀን አልተጠሩም፤ ዓመታት ነው የተማሩት። ልዩነቱ ይኼ ነው፤ ሌላውን ወጣቶቹ ጨርሳችሁታል።

ከካሜራ_ጀርባ

አነበብኩ ሁሉንም፤ ስክሪንሾት አድርጌ ለዳይሬክተሩም ልኬለታለሁ (አላናደደውም ማለት አልችልም)። የሊስትሮው ጉዳይ አልቋል፤ ውል ተፈርሟል። ግን የሚቀጥለው ሥራ ላይ ሁለት እህትማማች ልጆች እንፈልጋለን፤ ቀረጻው ክረምት ላይ ይውላል፣ ፈተናም ትምህርትም የለም። ኦዲሽኑን ከቦሌ አውጥቼ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ማድረግ እችላለሁ፤ እሱን አስፈቅጃለሁ። ወላጅ መገኘት ካልቻለ አብራ የምትውል ሴት በበጀት እንዲያዝ ጽፌያለሁ፤ ገና አልጸደቀም። መምህር፣ በውስጥ መሥመር ያናግሩኝ።

ፕሮዳክሽን_ነኝ

ክረምት? ዝናቡንስ ማን ሊከፍለው ነው?

መምህር_ዘኮልፌ

ዝናቡን ለእግዜር ተዉለት፤ አዳራሽ አለን፣ ጣሪያው ያፈሳል እንጂ ሰፊ ነው። ለከካሜራ_ጀርባ ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ እዚሁ ሁሉም እያየ ይመለስልኝ። የትራንስፖርቱን ማን ነው የሚከፍለው፣ ከፍላችሁስ የምትሰጡት በዕለቱ ነው ወይስ «ፊልሙ ሲወጣ»?

ከካሜራ_ጀርባ

እኛ ነን፤ በዕለቱ፣ በእጅ። የመመለሻው ጠዋት ነው የሚሰጠው፤ ማታ ላይ ካሸሯ አትገኝም።